የታገደው ጋዝ ወደ ፋብሪካ ሲመለስ፦ የሲኤፍሲ-11 ጉዳይ በምሥራቅ ቻይና

በግንቦት 2018 በአሜሪካዊው ተመራማሪ ስቲቨን ሞንትዝካ የተመራ ቡድን «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ያወጣው ጥናት የኦዞን ሽፋንን ጉዳይ የሚከታተሉትን ሁሉ አስደነገጠ። ሲኤፍሲ-11 የተባለው ኦዞንን የሚያጠፋ ጋዝ ምርቱ በመላው ዓለም ከታገደ ስምንት ዓመት ሞልቶት የነበረ ቢሆንም፣ በከባቢ አየር ውስጥ ያለው ክምችት በሚጠበቀው ፍጥነት እየቀነሰ አልነበረም። አጥኚዎቹ መረጃውን ከመረመሩ በኋላ የደረሱበት ድምዳሜ፣ ለማንም ሪፖርት ያልተደረገ አዲስ ምርት ሳይኖር አይቀርም የሚል ነበር። በኋላ እንደታየው፣ ከልቀቱ ጭማሪ ትልቅ ድርሻ የሚሆነው የመጣው በምሥራቅ ቻይና ካሉ አካባቢዎች ሲሆን፣ ጋዙ የሚፈለገውም ለሙቀት መከላከያ አረፋ ማምረቻ ነበር። ይህ የጉዳይ ጥናት የታገደ ጋዝ ወደ ምርት መስመር የሚመለስበትን ምክንያት፣ የተደረሰበትን መንገድ እና ከተደረሰበት በኋላ የሆነውን ይመረምራል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ከሳይንቲስቶቹ አንጻር ነው፤ መነገሩም ተገቢ ነው። የነገሩ መነሻ ግን በአነስተኛ አረፋ አምራች የወጪ ስሌት ውስጥ ስለሚገኝ፣ ከዚያ መጀመሩ የሚበጅ ይመስለኛል።

ጋዙ በፋብሪካው ውስጥ የሚሠራው ሥራ

ጠንካራው የፖሊዩሪቴን አረፋ የሚሠራው ሁለት ፈሳሾችን፣ ማለትም ፖሊዮልን እና አይሶሳያኔትን፣ በማደባለቅ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ሙቀት የሚሰጥ ኬሚካዊ ለውጥ ይጀምራል። በፖሊዮሉ ውስጥ አስቀድሞ በዝቅተኛ ሙቀት የሚፈላ ሌላ ፈሳሽ ከተደባለቀበት፣ ያ ፈሳሽ በሚፈጠረው ሙቀት ወደ ጋዝነት ተለውጦ ድብልቁን ያሳብጠዋል፤ ድብልቁም ወዲያው ስለሚጠነክር ጋዙ በማይቆጠሩ ጥቃቅን ዝግ ክፍተቶች ውስጥ ታስሮ ይቀራል። ይህን የማሳበጥ ሥራ የሚሠራው ንጥረ ነገር አረፋ ማስነሻ ይባላል። ከማቀዝቀዣ ግድግዳ ጀምሮ እስከ ቀዝቃዛ መጋዘን፣ የሕንፃ ግድግዳ፣ የሙቅ ውኃ ጋንና የቧንቧ ሽፋን ድረስ ያለው ምርት በሙሉ በዚህ ዘዴ ይሠራል።

አረፋ ማስነሻው ሥራው ማሳበጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምርጫው ይህን ያህል ባላከራከረ ነበር። ነገር ግን ታስሮ የሚቀረው ጋዝ ራሱ ሙቀት መከላከያ ነው፤ የአረፋው ጥራት የሚወሰነውም በአብዛኛው ጋዙ ሙቀትን በሚያስተላልፍበት መጠን ነው። ሲኤፍሲ-11፣ በማቀዝቀዣ ሙያ አጠራር አር-11፣ ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ ከአየር አንድ ሦስተኛ ገደማ ብቻ ነው። የሚፈላው 24 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ በመሆኑ በርሜል ውስጥ እንደ ፈሳሽ ለመያዝም ሆነ በትንሽ ሙቀት ወደ ጋዝ ለመለወጥ ያስቸግራል የሚባል አይደለም። አይቀጣጠልም፣ ከፖሊዮል ጋር በቀላሉ ይዋሃዳል፣ ብረት አይበላም፣ ለሠራተኛውም ያን ያህል መርዛማ አይደለም። ከምርት መሐንዲስ አንጻር ብቻ ለሚያየው ሰው እንከን የማይወጣለት ኬሚካል ነበር።

ጉዳቱ የሚመጣው ከዚሁ የተረጋጋ ባሕርይው ነው። በታችኛው የአየር ክፍል የሚያፈርሰው ነገር ስለሌለ በአማካይ 50 ዓመት ያህል ይቆያል፤ የኦዞን ሽፋን ወዳለበት የላይኛው የአየር ክፍል፣ ወደ ስትራቶስፌር፣ ሲደርስ ግን የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ይሰነጥቀውና ኦዞንን በሰንሰለታዊ ሂደት የሚያጠፋውን ክሎሪን ይለቃል። የሌሎች ጋዞች የኦዞን አጥፊነት የሚለካው ከሲኤፍሲ-11 ጋር እየተነጻጸረ ነው፤ የእርሱ መለኪያ 1 ነው። ከዚህም ሌላ አንድ ኪሎ ግራም ሲኤፍሲ-11 በመቶ ዓመት ስሌት ወደ 5,000 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚጠጋ የማሞቅ አቅም አለው።

በ1987 የተፈረመው የኦዞን ሽፋን መጠበቂያ ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ የሞንትሪያል ፕሮቶኮል፣ ከተሻሻለ በኋላ ያደጉ አገሮች የሲኤፍሲ ምርታቸውን በ1996፣ በማደግ ላይ ያሉት ደግሞ በ2010 እንዲያቆሙ ወሰነ። ቻይና ከፕሮቶኮሉ የገንዘብ ድጋፍ ተቋም፣ ከባለ ብዙ ወገን ፈንድ፣ ለአረፋ ኢንዱስትሪዋ ብቻ ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ በ2001 ተፈቅዶላት ነበር፤ ምርቷንም ከቀነ ገደቡ ቀድማ በ2007 ማቆሟን አስታውቃለች። በወረቀት ላይ ጉዳዩ ተዘግቷል።

አማራጩም ሲጠብ

ሲኤፍሲ-11ን ያቆሙት አብዛኞቹ አነስተኛ አምራቾች የተሸጋገሩት ወደ ኤችሲኤፍሲ-141ቢ ነበር። ይህም በ32 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚፈላ ፈሳሽ ሲሆን፣ ማሽን ሳይቀየር በነበረው መስመር ላይ መሥራት ያስችላል፤ ኦዞን የማጥፋት አቅሙም የሲኤፍሲ-11ን አንድ አሥረኛ ያህል ነው። ሆኖም እርሱም ጊዜያዊ መሸጋገሪያ ነበር። በፕሮቶኮሉ መርሐ ግብር መሠረት በማደግ ላይ ያሉ አገሮች የኤችሲኤፍሲ ጋዞች መጠናቸውን በ2013 ባለበት እንዲያቆሙ፣ በ2015 በ10 በመቶ፣ በ2020 ደግሞ በ35 በመቶ እንዲቀንሱ ተገደዱ። ምርቱ በኮታ ሲገደብ ዋጋው መውጣቱ የሚጠበቅ ነው።

በዚህ ጊዜ አንድ አነስተኛ አረፋ አምራች ከፊቱ የነበሩት መንገዶች እያንዳንዳቸው ዋጋ የሚያስከፍሉ ነበሩ። ሳይክሎፔንቴን ርካሽ ከመሆኑም በላይ ኦዞንን አይጎዳም፤ ተቀጣጣይ ስለሆነ ግን ልዩ የማከማቻ ጋን፣ ጠንካራ የአየር ማስወጫ፣ የጋዝ ጠቋሚ መሣሪያና እሳት የማይጭር የኤሌክትሪክ መስመር ይፈልጋል። ታላላቅ የማቀዝቀዣ ፋብሪካዎች ይህን ወጪ በሚሊዮን ለሚቆጠር ምርት አካፍለው ሲሸከሙት፣ ጥቂት ሠራተኞች በአንድ አዳራሽ ለሚሠሩበት ድርጅት ወጪው ከማሽኑ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ኤችኤፍሲ-245ኤፍኤ እና ከእርሱ በኋላ የመጡት አዳዲስ ጋዞች አይቀጣጠሉም፤ ዋጋቸው ግን ውድ ነው። ውኃን መጠቀምም ይቻላል፤ ውኃው ከአይሶሳያኔት ጋር ሲገናኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈጠራልና። ይሁን እንጂ ይህ ጋዝ ሙቀትን የበለጠ ያስተላልፋል፣ ከክፍተቶቹም ቀስ በቀስ ያመልጣል፤ ውድ የሆነው አይሶሳያኔትም በብዛት ያልቃል።

ከእነዚህ ሁሉ ጎን ሲታይ ሲኤፍሲ-11 ምንም አዲስ ማሽን የማይፈልግ፣ ከኤችሲኤፍሲ-141ቢ የረከሰና የተሻለ አረፋ የሚሰጥ ነበር። የቀረው ጥያቄ የሚያመርተው ሰው መኖሩና መያዙ ብቻ ነው። አማራጩ ራሱ እየጠበበና እየተወደደ ባለበት ወቅት፣ የድሮውን ጋዝ የከለከለው ደንብ የሚጸናው ቁጥጥሩ እስከ ትንሿ ማምረቻ ድረስ ከዘለቀ ብቻ ነበር፤ አልዘለቀም።

አምራቹን በተመለከተ የኬሚካል ኢንዱስትሪው አወቃቀር ራሱ መንገዱን አመቻችቷል። ሲኤፍሲ-11 የሚሠራው ካርቦን ቴትራክሎራይድን ከሃይድሮጅን ፍሎራይድ ጋር በማገናኘት ነው። ካርቦን ቴትራክሎራይድ ክሎሮፎርምና ተመሳሳይ ኬሚካሎች ሲመረቱ ሳይፈለግ አብሮ የሚወጣ ተረፈ ምርት ሲሆን፣ ክሎሮፎርም ደግሞ ኤችሲኤፍሲ-22 ለተባለው ማቀዝቀዣ ጋዝ ጥሬ ዕቃ ስለሆነ በከፍተኛ መጠን ይመረታል። ሃይድሮጅን ፍሎራይድም የዚሁ ኢንዱስትሪ የዘወትር ግብአት ነው። ሁለቱም ጥሬ ዕቃዎች በሕጋዊ መንገድ በገበያ ላይ አሉ፤ ሂደቱም ለአሥርተ ዓመታት የታወቀ በመሆኑ በአነስተኛ ማምረቻ ሊካሄድ ይችላል። ምርቱ በሌላ ኬሚካል ስም ተለጥፎበት ወይም አስቀድሞ ከፖሊዮል ጋር ተደባልቆ ከተሸጠ በበርሜሉ ውስጥ ያለውን ማወቅ የሚችለው ናሙና ወስዶ የመረመረ ሰው ብቻ ነው።

አየሩ የተናገረው

በከባቢ አየር ያለው የሲኤፍሲ-11 መጠን ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያለማቋረጥ ይለካል። ሥራውን የሚያከናውኑት በዋናነት የአሜሪካ ብሔራዊ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር ጣቢያዎች እና አጌጅ የተባለው ዓለም አቀፍ የመለኪያ መረብ ናቸው። ከ2002 እስከ 2012 ባሉት ዓመታት መጠኑ በየዓመቱ ከአንድ ትሪሊዮን የአየር ሞለኪውሎች ውስጥ በ2.1 ያህል ሲቀንስ ቆይቶ፣ በ2015 እና በ2017 መካከል ቅነሳው ወደ 1.0 ወረደ። ለተራ አንባቢ ይህ ኢምንት ልዩነት ይመስላል፤ ወደ ልቀት ሲመነዘር ግን በዓመት 13 ሺህ ቶን ጭማሪ፣ ማለትም ከቀደመው አማካይ 25 በመቶ ብልጫ ማለት ነው። በማሞቅ አቅሙ ሲሰላ ደግሞ በዓመት ከ60 ሚሊዮን ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር የሚስተካከል ነው።

የሞንትዝካ ቡድን አዲስ ምርት አለ ወደሚለው ግምት የሄደው ሌሎቹን ማብራሪያዎች ከመረመረ በኋላ ነው። የመጀመሪያው የአየር ዝውውር መለወጥ ሲሆን፣ ከለውጡ የተወሰነውን ክፍል ቢያስረዳም ሙሉውን ማስረዳት አልቻለም። ሁለተኛው፣ ቀድሞ በሕንፃዎችና በማቀዝቀዣዎች አረፋ ውስጥ የታሰረው ጋዝ ሕንፃዎች ሲፈርሱ በብዛት ወጥቶ ይሆናል የሚል ነበር፤ ነገር ግን ልኬቱን ለማስረዳት ከዚህ ክምችት የሚወጣው ጋዝ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በእጥፍ መጨመር ነበረበት፣ ለዚህም ምንም ምልክት አልታየም። በሌላ በኩል በሰሜኑና በደቡቡ ንፍቀ ክበብ መካከል ያለው የመጠን ልዩነት ሰፍቶ ነበር፤ በሃዋይ በሚገኘው የማውና ሎዋ ጣቢያ የተወሰዱት ናሙናዎችም ምንጩ በምሥራቅ እስያ እንደሆነ ጠቆሙ። ለፕሮቶኮሉ ጽሕፈት ቤት በአገሮች የቀረበው የምርት መጠን ግን ዜሮ አካባቢ ነበር። የስምምነቱ የቁጥጥር ሥርዓት የተመሠረተው አገሮች ራሳቸው በሚያቀርቡት ሪፖርት ላይ በመሆኑ፣ በድብቅ የተመረተውን ለማየት የተሠራ አልነበረም።

ቦታውን በትክክል ያመለከተው በግንቦት 2019 የወጣው ሁለተኛው ጥናት ነው። የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲው ማቲው ሪግቢና ባልደረቦቹ በደቡብ ኮሪያ የጄጁ ደሴት የሚገኘውን የጎሳን ጣቢያ እና በጃፓን የሃቴሩማ ደሴት ያለውን ጣቢያ ልኬቶች ተጠቀሙ። ጭስ የሸተተው ሰው ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ አይቶ እሳቱን እንደሚፈልግ ሁሉ፣ በጣቢያዎቹ የሲኤፍሲ-11 መጠን በድንገት ከፍ ባለ ቁጥር ያ አየር ባለፉት ቀናት በየት በየት እንዳለፈ በኮምፒውተር ሞዴል ወደ ኋላ ተከታተሉ። ውጤቱ ከምሥራቃዊ የቻይና ምድር የሚወጣው ልቀት በ2008–2012 በዓመት 6.4 ሺህ ቶን ገደማ የነበረው በ2014–2017 ወደ 13.4 ሺህ ቶን ማደጉን አሳየ፤ ጭማሪውም በዋናነት በሻንዶንግና በሄቤይ ክፍላተ ሀገር አካባቢ የተከማቸ ነበር። ይህ ከዓለም አቀፉ ጭማሪ ከ40 እስከ 60 በመቶ ይሆናል። ቀሪው ከየት እንደመጣ በዚያ ዘዴ መለየት አልተቻለም፤ ምዕራብ ቻይናን፣ አብዛኛውን የአፍሪካ ክፍልና ደቡብ አሜሪካን ጨምሮ ሰፊው የዓለም ክፍል ለዚህ በሚበቃ ቅርበት ጣቢያ አልነበረውም።

በሁለቱ ጥናቶች መካከል ሌላ ዓይነት ማስረጃ መጣ። መቀመጫውን በለንደን ያደረገው ኢንቫይሮንመንታል ኢንቬስቲጌሽን ኤጀንሲ የተባለ መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት በሐምሌ 2018 ባወጣው ሪፖርት፣ በ10 የቻይና ክፍላተ ሀገር የሚገኙ 18 ድርጅቶች ሲኤፍሲ-11ን በአረፋ ማምረቻ እንደሚጠቀሙ ለመርማሪዎቹ ማመናቸውን ገለጸ። ነጋዴዎቹና አምራቾቹ ያቀረቡት ምክንያት ከላይ ከተገለጸው የወጪ ስሌት የተለየ አልነበረም፦ ዋጋው ይረክሳል፣ ምርቱም ይሻላል። የአየር ልኬት መጠንና አቅጣጫ ይናገራል እንጂ የጋዙን ጥቅም አይናገርም፤ ልቀቱን ከአረፋ ጋር ያያያዘው ይህ የምድር ላይ ምርመራ ነበር።

የፕሮቶኮሉ የቴክኒክና ኢኮኖሚ ግምገማ ቡድንም ነገሩን ከኢንዱስትሪው ስሌት ተነሥቶ መረመረው። በአረፋ ምርት ጊዜ ከጋዙ የሚያመልጠው ከፊሉ ብቻ ሲሆን ሌላው በክፍተቶቹ ውስጥ ታስሮ ስለሚቀር፣ በአየር ላይ የታየውን ጭማሪ ለማስገኘት በዓመት ከ40 እስከ 70 ሺህ ቶን የሚደርስ ምርት እንደሚያስፈልግ ቡድኑ ገመተ። ይህ አኃዝ ከልቀቱ በእጅጉ የሚበልጥ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

እርምጃውና ውጤቱ

የፕሮቶኮሉ አባል አገሮች በኅዳር 2018 በኪቶ ባደረጉት ስብሰባ ጉዳዩን በውሳኔ ያዙት፤ የሳይንስና የቴክኒክ ቡድኖቹም ተጨማሪ ሪፖርት እንዲያቀርቡ አዘዙ። የቻይና መንግሥት በበኩሉ በአገር አቀፍ ደረጃ ፍተሻ አካሄደ፣ ሕገ ወጥ ማምረቻዎችን ዘጋ፣ ካርቦን ቴትራክሎራይድ የሚወጣባቸውን ፋብሪካዎች በቅርበት መቆጣጠር ጀመረ፣ የመመርመሪያ ቤተ ሙከራዎችንም አቋቋመ። በ2020 በዠጂያንግ ክፍለ ሀገር በዴቺንግ የሚገኝ ፍርድ ቤት ሲኤፍሲ-11ን ገዝቶ አረፋ ሲያመርትበት የተገኘ ድርጅትን በገንዘብ፣ ኃላፊውን ደግሞ በእስራት ቀጥቷል። ኦዞን አጥፊ ንጥረ ነገሮችን የሚመለከተው የአገሪቱ ደንብም ተሻሽሎ ቅጣቱ ከበድ ካለ በኋላ ከመጋቢት 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል።

እዚህ ላይ ያልተጣጣመ ነገር መኖሩን መሸፈን አይገባም። በፍተሻው የተያዘው ጋዝና የተደረሰባቸው ማምረቻዎች አየሩ ከሚያሳየው መጠን ጋር የሚቀራረቡ አልነበሩም፤ ባለሥልጣናቱም የተገኘው ምርት ጭማሪውን ለማስረዳት እንደማይበቃ ይናገሩ ነበር። በእኔ አመለካከት ይህ ልዩነት የሚነግረን ማምረቻዎቹ ምን ያህል የተበታተኑና በቀላሉ የሚነሡ እንደነበሩ ነው። ፍተሻ መምጣቱን የሰማ አምራች ሥራውን ማቆሙ ለአየሩ እንደ መያዝ ይቆጠራል፤ ለፍርድ ቤት ግን ምንም አይተውለትም።

አየሩ የሰጠው መልስ ፈጣን ነበር። በየካቲት 2021 በዚያው «ኔቸር» መጽሔት የታተሙ ሁለት ጥናቶች የዓለም የሲኤፍሲ-11 ልቀት በ2018 ከነበረበት 69 ሺህ ቶን በ2019 ወደ 52 ሺህ ቶን መውረዱን፣ ከምሥራቅ ቻይና የሚወጣውም ወደ 5 ሺህ ቶን ማለትም ጭማሪው ከመጀመሩ በፊት ወደነበረበት ደረጃ መመለሱን አረጋገጡ። ማወቅና ማጋለጥ ከተጀመረ ከሁለት ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ መሆኑ ነው። የኦዞን ሽፋን ማገገምም ድርጊቱ ቢቀጥል ኖሮ ይደርስበት ከነበረው ረጅም መዘግየት ድኗል።

በግድግዳ ውስጥ የቀረው

ያልተዘጋው ክፍል በእነዚያ ዓመታት የተመረተው አረፋ ነው። የምርት ግምቱና የልቀት ልኬቱ የሚለያዩበት መጠን አልጠፋም፤ በሕንፃ ግድግዳዎች፣ በቀዝቃዛ መጋዘኖችና በቧንቧ ሽፋኖች ውስጥ ተቀምጦ ለአሥርተ ዓመታት በጥቂት በጥቂቱ ይወጣል። አሮጌ ማቀዝቀዣን ሰብስቦ አረፋውን በዝግ መፍጫ ጨፍልቆ ጋዙን መያዝ የተለመደ ቴክኒክ ነው። በግድግዳ ላይ የተረጨን ወይም በሲሚንቶ መካከል የተቀበረን አረፋ ግን ሕንፃው ሲፈርስ ለይቶ ማውጣት አድካሚና ውድ በመሆኑ ብዙ ጊዜ አይሞከርም። በተጨማሪም ይህ አረፋ ሲኤፍሲ-11 እንዳለበት የሚገልጽ ምንም መዝገብ የለም፤ በሕገ ወጥ መንገድ የተሠራ ነውና።

የጥሬ ዕቃው ጉዳይም እንዲሁ ክፍት ነው። የሞንትሪያል ፕሮቶኮል ለሌላ ኬሚካል ማምረቻ የሚውለውን ካርቦን ቴትራክሎራይድ አይከለክልም፤ በየዓመቱ ሪፖርት እንዲደረግ ብቻ ይጠይቃል። አሁን ሲኤፍሲንና ኤችኤፍሲን ተክተው በመኪና አየር ማቀዝቀዣና በአረፋ ማምረቻ ከገቡት አዳዲስ ጋዞች መካከል ኤችኤፍኦ-1234ዋይኤፍ እና ኤችሲኤፍኦ-1233ዜድዲ ይገኙበታል፤ ሁለቱም በሰፊው ከተለመዱት የማምረቻ መንገዶቻቸው ውስጥ የሚጀምሩት ከካርቦን ቴትራክሎራይድ ነው። ስለዚህ ለኦዞን የማያሰጉት ምትኮች በተስፋፉ ቁጥር የሲኤፍሲ-11 ጥሬ ዕቃ በሕጋዊ መንገድ በብዛት ይመረታል፣ ይጓጓዛል፣ ይከማቻል። ከእያንዳንዱ ፋብሪካ የወጣው መጠን በተቀባዩ ፋብሪካ ከገባው ጋር መመሳከሩ፣ በመሬት ላይ ከሚደረግ ከማንኛውም ፍተሻ ቀድሞ ድብቅ ምርትን ሊያመለክት የሚችል የሂሳብ ሥራ ነው።